አደብ የገዛች ልጅ

የአሥራ አምስት ዓመቷ ሶሊያና ድንገት ጨዋ ሆነች። መልስ አትመልስም፣ በር ድው አድርጋ አትዘጋም፣ ከቀረበላት ሁለቴ ጎርሳ ትተኛለች።

«አደብ ገዛችልሽ፣ ተመስገን በይ» አሏት እናትየዋን ጎረቤቷ እትዬ ዘነቡ።

እናት ግን አልተዋጠላትም። አንድ ቀን ሆን ብላ ወጡን ጨው በጨው አደረገችው። ልጅቷ ፊቷን እንኳ ሳታጨማድድ ዋጠች።

በነጋታው እናት ከሥራ አስፈቅዳ የአእምሮ ሐኪም ዘንድ ወሰደቻት። ከዚያ ወዲህ በየሳምንቱ ይመላለሳሉ፤ እናትም በየሳምንቱ አንድ ቀን ጨው ታበዛለች።

በሦስተኛው ወር ከቤታቸው እልልታ ተሰማ። እትዬ ዘነቡ እየሮጡ መጡ።

«ምነው፣ ኮንዶሚኒየም ደረሰሽ?»

«የምን ኮንዶሚኒየም» አለች እናት እንባዋን እየጠረገች። «ልጄ ‹ይሄ ደግሞ ወጥ ነው?› ብላ በሩን ድው አድርጋ ዘጋችብኝ።»