ቀዩ ጨረር የዘለላት ነጥብ

የገዛ ልጃችሁ አንጎል የአዳራሽ ግድግዳ ሞልቶ ሰው ሲያጨበጭብለት አይታችሁ ታውቃላችሁ? እናትየው አየች። ልጇ አምና ለጥናት ፈቃደኛ ሆና አንጎል የሚያነሳ መሣሪያ ውስጥ ተኝታ የተነሳችው ምስል ነበር። ጥናቱን የመራው ፕሮፌሰር በእጁ ከያዛት መብራት በሚወጣው ቀይ ጨረር፣ ልጅቷ ተረት ስትሰማ የነቁትን የአንጎሏን ክፍሎች ለተጋባዦቹ አንድ በአንድ አሳየ።

«ያ ሁሉ ነገረኝነት ከዚያ ነው ለካ የሚፈልቀው!» አለች እናት፣ ሐኪም ወደሆነው ታናሽ ወንድሟ ዘንበል ብላ። አጠገባቸው የተቀመጠችው ልጅቷ በሳቅ ፍርስ አለች። ሐኪሙ ግን አልሳቀም። ዓይኑ ጨረሩ ደጋግሞ በዘለላት፣ ከጆሮ ኋላ ባለች ነጭ ነጥብ ላይ ተተክሎ ቀረ።

«እትዬ፣ ስለዚያች ነገር የነገሯችሁ አለ?»

«ስለምኗ?»

ሐኪሙ እጁን አውጥቶ ስለ ነጥቧ ፕሮፌሰሩን ጠየቀ።

«እሷንማ ያኔውኑ አይተናታል» አለ ፕሮፌሰሩ ፈገግ ብሎ። «ዕጢ ሳትሆን አትቀርም። ግን የእኛ ጥናት ስለ ቋንቋ ነው። ለአንጎሉ ባለቤት መንገር የእኛ ድርሻ አልነበረም።»

የልጅቷ እጅ ቀስ ብሎ ወደ ጆሮዋ ኋላ ሄደ። ሳቋ ከፊቷ ላይ ገና አልጠፋም ነበር። እናት ብድግ ስትል ወንበሩ ተገለበጠ።

«ዓመቱን ሙሉ ‹ራሴን፣ ራሴን› ስትል ክኒን እየሰጠሁ ያስተኛኋት የአንጎሉ ባለቤት ይቺውልህ! ማይኩን አትዝጋው! እያወቅህ ለምን ዝም አልክ? ቢሮህ ጠርተህ ሹክ እንድትለኝ አልፈልግም፤ አሁን፣ እዚሁ፣ ባጨበጨበልህ ሰው ሁሉ ፊት መልስ!»