የኡሙሰልማ እንግሊዝኛ

ኡሙሰልማ በአርባ ሁለት ዓመቷ እንግሊዝኛ ልማር ብላ ስትነሳ ባሏ አብዱልወሀብ ሳቀ። ሳቁ ሦስት ቀን ቆየ።

ዘመኑ ሰባ ስምንት ነው። ረሃቡ ጋብ ቢልም የእርዳታው እህል ገና አልቆመም። ፈረንጆች ኮምቦልቻ ላይ መጋዘን ከፍተው ነበርና ኡሙሰልማ እዚያ ልብስ አጣቢ ሆና ገባች። ጠዋት ከደሴ፣ ከቧንቧ ውሃ ሰፈር ተነስታ በአውቶቡስ የሐረጎን ጠመዝማዛ ትወርዳለች፤ ሲመሽ ትመለሳለች። የግቢው አለቃ ቀይ ጢም ያለው ፈረንጅ ነው። ቃል እየነገረ የሚያስጠናትም እሱ ነው።

አብዱልወሀብ ልብስ ሰፊ ነው። በካኪ ስፌት ደሴ ላይ የሚያህለው የለም፤ በወሬም እንደዚያው። መርፌው ይቆም እንደሆን እንጂ ምላሱ አይቆምም።

አንድ ልጅ አላቸው፣ ዘይኑልአቢዲን። ለብሔራዊ ውትድርና ወደ ሰሜን ከዘመተ ዓመት አልፎታል፤ ደብዳቤው ከተቋረጠም ሰነባብቷል። እናቱ ዓይኗ እስኪያብጥ ታለቅስ ነበር። እንግሊዝኛውን ስትጀምር ለቅሶውን ተወችው። አብዱልወሀብ ይህን አስተዋለና የእናትን ዕንባ እንዲህ በአንድ ጊዜ የሚያደርቅ ውሽማ ብቻ ነው ብሎ ፈረደ። ወንድ ሲፈርድ ምስክር አይጠራም።

«እንግሊዝኛው ምን ያደርግልሻል?» አላት።

«ሳሙና ሲያልቅብኝ አልቋል ልበል እንጂ፣ የዘይኑ አባት። በምልክት እስከ መቼ?»

«ጣትሽን ብትቀስሪለት አይገባውም?»

«ጣቴን አይቶ ቀለበት ቢያመጣልኝስ?» አለችና ሳቀች።

ለቀልድ ነው የተናገረችው። እሱ ግን ቀለበቱን ዋጠው፤ ጉሮሮው ላይም ቀረ።

ጎረቤታቸው ፀሐይነሽ ደግሞ በሱቁ በር ስታልፍ ነገር ጣል አደረገች። «እንግዲህ አብዱልወሀብ፣ ከአሁን ወዲያ የምትሰደበው በእንግሊዝ አፍ ነው። ምን እንደተባልክ ሳታውቅ እሺ ማለት ነው።»

«እሺ የሚል ሌላ ፈልጊ» አላት። መርፌው ጣቱን ወጋው።

አርብ ዕለት ኡሙሰልማ ውሃ ልትቀዳ ስትወጣ ደብተሯን ከሳጥኗ አወጣ። በመሠረተ ትምህርት የቆጠረው ፊደል ለክፉ ቀን ደረሰለት። እንግሊዝኛውን በአማርኛ ፊደል ጽፋ ፍቺውን ከጎኑ አስቀምጣለች። ፕሊዝ፣ እባክህ። ዌን፣ መቼ። ባይ ትራክ፣ በጭነት መኪና። ቱ አሰብ፣ ወደ አሰብ። ኖ ዋን ኖስ፣ ማንም አያውቅም። ከሥሩ «አደራ» ብላ ጽፋ የእንግሊዝኛውን ቦታ ባዶ ትታዋለች። ለአደራ ቃል አጥተውለት ይሆናል። ሳሙና የሚለውን ግን ከዳር እስከ ዳር ቢፈልግ አላገኘም።

«ልትኮበልል ነው» አለ ለራሱ። ከአሰብ እህል የሚያመጡት መኪኖች ባዷቸውን እንደሚመለሱ ማንም ያውቃል።

ቅዳሜ ሌላ ነገር መጣ። ኡሙሰልማ ብብቱ የተተረተረ የወንድ ሸሚዝ ይዛ ገባች፤ ባሏ ልብስ ሰፊ ሆኖ ሳለ ጓዳ ተሸሽጋ በእጇ ትጠቅመው ጀመር። ወጣ ስትል አነሳው። የፈረንጁ እንዳይሆን ፈረንጁ በር ሲያልፍ የሚያጎነብስ ግንድ ነው። አብዱልወሀብ ራሱ ለበሰው። ልክክ አለበት፤ ክንዱም፣ ትከሻውም፣ አንገቱም፣ ለእሱ የተቆረጠ ይመስል።

ይህ ይበልጥ አቃጠለው። ፈረንጅ ቢሆን አገሩ ጎትቷት ነው ይባላል። ቁመቱ ቁመቴን፣ ደረቱ ደረቴን የሚያህል ሰው ከሆነ የመረጠችው፣ እኔ ምን ጎድሎኝ ነው?

ሰኞ ሱቁን ዘግቶ በሚቀጥለው አውቶቡስ ተከተላት። ከግቢው አጥር ማዶ ግራር ሥር ተቀምጦ ጠበቀ። ቀትር ላይ ኡሙሰልማ በጨርቅ የተጠቀለለ ምግብ ይዛ ከመጋዘኑ ጀርባ ወዳለችው ቆርቆሮ ክፍል ሄደች። ግራና ቀኝ አየች። አንኳኳች። በሩ ገርበብ አለና ረጅም ክንድ ወጣ፤ ምግቡን ትቶ መጀመሪያ እጇን ያዘ። እሷም ያንን እጅ ሳመችው።

የአብዱልወሀብ እጅ ከተሳመ ሃያ ዓመት ሆኖታል።

«ያልጠረጠረ ተመነጠረ» እያለ በቀጥታ ወደ በላቸው ሄደ። በላቸው የኮምቦልቻ አብዮት ጥበቃ ነው፤ ካኪውን የሚያሰፋው አብዱልወሀብ ዘንድ ነው።

«ፈረንጆቹ ግቢ የተሸሸገ ሰው አለ» አለው።

«ምን ዓይነት ሰው?»

«እኔ ምን አውቄ። በቀን የማይወጣ ሰው ደግ ነው?»

በላቸው ጠመንጃውን አነሳ። «ሰርጎ ገብም ይሁን ከግንባር የከዳ፣ ፍርዱ ጥይት ነው። ኋላ ምሕረት ብለህ እንዳትመጣብኝ።»

«እኔ? ወላሂ፣ እንኳን ምሕረት ልለምን ጥይቱን አቀብልሃለሁ።»

አራት ታጣቂ አስከትለው ገቡ። ኡሙሰልማ ከማጠቢያው ገንዳ እጇን ሳትጠርግ ሮጣ መጣች፤ ከታጣቂዎቹ መሀል ባሏን ስታይ ጫጫታውን ሰምቶ የወጣው ፈረንጅ እግር ሥር ወደቀች። ያን ሁሉ ወር ካጠናችው አንድ ቃል ብቻ ቀረላት። «ፕሊዝ፣ ፕሊዝ፣ ፕሊዝ።»

ለእኔ እንዲህ ተንበርክካልኝ አታውቅም አለ አብዱልወሀብ በልቡ። ጢሙን አፍተልትሎ ከበሩ ፊት ለፊት ቆመ። የሰውየውን ፊት ማንም ቀድሞት እንዲያይ አልፈለገም።

በላቸው በሩን በእርግጫ ከፈተው።

ሰውየው እጁን ወደ ላይ አድርጎ ወጣ፤ ፀሐዩ ቢወጋው ዓይኑን ጨፈነ፣ ገለጠ፣ ታጣቂዎቹን አልፎ አየና «አባ» አለ።