ከነልጆቿ

«…ከነልጆቿ አንድ ላይ» አለች አንደኛዋ። ሌላዋ የመለሰችላትን አላስታውስም። ሃያ ዓመት አልፎታል። እኔ የሆስፒታሉ ካርድ ክፍል ውስጥ መሰላል ላይ ሆኜ አቧራ ስጠርግ፣ ሁለት አንጋፋ ሠራተኞች ከታች ስለ አንዲት ሟች ካርድ ይነጋገሩ ነበር። ከመደርደሪያው ይነሣ ነበር ያሉት ወይስ ይቀመጥ? ጆሮዬ ይዞ የቀረው «ከነልጆቿ» የምትለዋን ብቻ ነው።

ዛሬ ጠዋት መስኮቱ ጋ የቆመችው ሴት ትኩሳት ያደከማትን የአራት ዓመት ልጅ ታቅፋለች።

«አክስቷ ነኝ። እናቷ ካረፈች ሁለት ወሯ ነው። ሐኪሙ መርፌ ሊወጋት ይዞ ቆሟል፤ ዱሮ አንዱ መድኃኒት ሊገድላት ነበር። ስሙን የምታውቀው እህቴ ነበረች። እዚህ ተጽፏል ብላኛለች።»

የልጅቷን ስም ጻፍኩ። ኮምፒውተሩ «አልተገኘም» አለ።

ከጎኔ ወደተቀመጠው ፕሮግራመር ዞርኩ። በጥድፊያው ችኩሌ እንለዋለን።

«ሟቾችን አጽዳ ተባልኩ፣ ትናንት አጸዳሁ። ልጅ የሚባል አልነካሁም፣ እናቴ ትሙት!» አለና፣ ሴትዮዋን ሲያይ አቀረቀረ።

አልዋሸም። የምንሠራበት ሶፍትዌር ማንም በነፃ የሚወስደው፣ ኮዱ ለሁሉም ክፍት የሆነ ነው። እናት፣ ልጅ፣ ክትባት ብለን የምንጽፍለትን ተቀብሎ ዳታቤዙ፣ ማለትም የመረጃ ቋቱ ውስጥ፣ በየሠንጠረዣቸው ያስቀምጣል። ማን ከማን ጋር እንደሚሄድ የሚነግረው ግን ሰው ነው። መመሪያውን በየምሳ ሰዓቱ እያነበብኩ ለብቻዬ የተማርኩት እኔ፣ «እናት ስትሰረዝ ልጆቿም አብረው ይሰረዙ» የምትል አንዲት መስመር ጽፌያለሁ። ያቺ የመሰላሉ ላይ ወሬ ትዝ ብላኝ ነበር።

«የባለፈው ሳምንት የመዝገቡ ቅጂ አለ። ከዚያ መልሳት» አልኩት።

ቶሎ ቶሎ ነካካ። «ልጅቷን ብቻዋን አልቀበልም ይላል፣ ጋሼ። እናቷ መዝገብ ላይ የለችማ።»

«እንግዲያው እናትየዋን አስቀድም።»

አስቀደመ። የእናትየዋ ስም መጣ፤ ከሥሩ ልጅቷ፣ ከልጅቷ ሥር በቀይ የመድኃኒቱ ስም። ተመስገን አልኩ በልቤ። ስክሪኑን ወደ መስኮቱ አዞርኩላት። ሴትዮዋ ቀዩን ጽሑፍ አላየችም፤ ጣቷን መስታወቱ ላይ፣ በእህቷ ስም ትክክል አሳረፈች። የመድኃኒቱን ስም በወረቀት ጽፌ ሰጠኋትና ወደ ሐኪሙ ሮጠች።

«ስንት ልጅ ነው አብሮ የተሰረዘው?» አልኩት።

ቆጠረ። ያ ሁሉ ጥድፊያው የት እንደገባ እንጃ። «ሰማንያ አንድ።» ወደ እኔ ዞረና፣ «ሦስት መቶ ስም አጽድቻለሁ ብዬ ለዳይሬክተሯ ሪፖርት ልኬያለሁ እኮ። እንዴት ያለ ሥራ ነው ብላ አመስግናኛለች። አሁን ምን ልበላት?»

«አንተ ምንም አትበል። መስመሯን የጻፍኩት እኔ ነኝ፤ እኔው እነግራታለሁ። አንተ ከመሰረዝ ይልቅ ከሟቾቹ ስም አጠገብ ያረፉበትን ቀን ጻፍ፣ ይበቃል።»

መስኮቱን አየ። መስታወቱ ላይ የጣት አሻራ ቀርቷል።

«እሺ» አለ። «ሁሉንም እመልሳለሁ።»

«እናቶቹንም?»

«እናቶቹንም።»