የድራመሩ ጆሮ

ቤዝ ጊታሪስቱ በልጅነቱ ከአንድ ሙዚቃ ቤት መጋረጃ ጀርባ የሰማው ክርክር ግማሹ ብቻ ነበር ትዝ የሚለው። አንዱ ሰውዬ፣ «ጎበዝ ቤዝ ተጫዋች ማለት ጣቱ የፈጠነ ነው» ሲል፣ ሌላው ስቆ፣ «ተው እንጂ! ጎበዙማ…» ብሎ ነበር። የቀረው ጠፍቶበታል።

አሁን ሕዝቡ ከመግባቱ በፊት፣ ባዶው መድረክ ላይ፣ የእህቱ ባል ክንዱን ጨምድዶ ይዞታል። የባንዳቸው ድራመር ነው። «የቀኝ ጆሮዬ ከሄደ ቆየ፤ የግራውም ትናንት ተከተለው» አለ፣ የቤዝ ጊታሪስቱን ከንፈር አፍጥጦ እያየ። «ዛሬ ምት ካዛነፍኩ አለቃችን ያባርረኛል።»

«ለእህቴ ነገርካት?»

«እሷማ ስትጠራኝ ዝም ስላት የኮራሁባት መስሏታል።» ሊስቅ ሞከረ። «በእግዜር ይዤሃለሁ፣ ጣቶችህን ልይ። እነሱን ካየሁ እግሬ ፔዳሉን አይስትም።»

ቤዝ ጊታሪስቱ ከመድረኩ ፊት የተተከለለትን መብራት አየ። ብቻውን የሚጫወትባትን ያቺን የዘፈኑን ፈጣን ክፍል ለዓመታት ለምኖ ያገኛት ለዛሬ ነበር። በዚያ ፍጥነት ግን ጣቶቹን ማንም በዓይኑ ሊከተላቸው አይችልም። በሩ ተከፈተ፤ የሰዉ ጫጫታ ወደ አዳራሹ ፈሰሰ። አማቹ አንዱንም አልሰማም፤ አሁንም ከንፈሩን ይጠብቃል። ቤዝ ጊታሪስቱ በልቡ አምላኩን ጠራ። ከዚያም ያቺን ክፍል ሊተዋት፣ ጀርባውን ለሕዝቡ ሰጥቶ እስከ መጨረሻው ቀስ እያለ ሊመታ፣ አማቹ ከከንፈሩ እንዲያነበው እያንዳንዱን ቃል ለይቶ እየተናገረ ተስማማ።