የሐሚዳ ስልክ

የሐሚዳ ስልክ ሲጠራ ጀማሉዲን መካኒሳ አቦ ባለችው ሱቁ ውስጥ ብቻውን ነበር። ሚስቱ ከሞተች ወዲህ ስልኳን ቻርጅ እያደረገ ከሚዛኑ አጠገብ ያስቀምጠዋል እንጂ አንድም ሰው ደውሎበት አያውቅም።

«ወይዘሮ ሐሚዳን ፈልጌ ነበር» አለች አንዲት ወጣት። «የምደውለው ከልብ ሕክምናው ነው። በቀዶ ጥገና የገባላቸውን ቫልቭ ደኅንነት እየተከታተልን ነው። እንዴት ናቸው?»

«አልሐምዱሊላህ፣ ደህና ናት።» ቃሉ ሳያስበው ካፉ አመለጠው፤ እንዲህ ማለቱ ግን ደስ አሰኘው። ትንፋሽ ያጥራቸዋል ወይ ስትለው «ኧረ የለም» አለ። እግራቸውስ ያብጣል ወይ ስትለው «አሁንማ ሽር ጉድ እያለች ነው» አላት፤ እያወራም ሐሚዳ ልትገባ እንደሆነ ሁሉ ወደ ጓሮው በር ዞር ብሎ አየ።

«ተመስገን አባባ» አለች ልጅቱ። «ይኸው ዓይነት ቫልቭ የገባላቸው ሌሎች ታካሚዎች አሉን። አንዳንዶቹ አመመን ስላሉ ሰግተን ነበር።»

አመስግናው ልትዘጋ ስትል «ቆይ ልጄ፣ አትዝጊው» አላት። «ዋሽቼሻለሁ። ሐሚዳ ሞታለች።» ይህን በራሱ አፍ ሲናገር የመጀመሪያው ነበር፤ ለቀስተኛው ሁሉ ከሌላ ሰምቶ ነበር የመጣው።

ልጅቱ ስልኩን አልዘጋችውም። «አላህ ያጽናዎት አባባ። ከማረፋቸው በፊት ምን ይሰማቸው ነበር?»

ለቅሶ የደረሰው ሁሉ ጽና ብሎት ሄዷል፤ ይህን የጠየቀው ግን አልነበረም። የሱቁን በር ገርበብ አድርጎ የለስላሳ ሳጥን ላይ ተቀመጠና፣ ደረጃ መውጣት ከከበዳት ቀን አንስቶ ይነግራት ጀመር።