እንግዳው የገዛው ገመድ

ሰውየው ኪርክሾ የደረሰው ሰኞ ነው። ሲላስ አልደርሰን ዮርክ ላይ የሚሰቀለው ቅዳሜ ነበር። መንደሩ ሁለቱን ቀኖች ለማገናኘት ከአንድ ብርጭቆ ቢራ በላይ አልፈጀበትም።

ጥቁር ካፖርት፣ ጥቁር ቦርሳ፣ ሥራ ያልነካው ለስላሳ እጅ። መጀመሪያ ያንኳኳው የቄሱን በር ነው። ቄሱ ለሲላስ ምሕረት ሊለምኑ ሎንዶን ከወረዱ ሁለት ሳምንት ሆኗቸዋል። በሩ እንደማይከፈት ሲያውቅ ወደ ዲና ኮትስ መጠጥ ቤት መጥቶ ክፍል ተከራየ።

«ቄስ ሳይዝ ማን ይሰቅላል?» አለች ዲና። «ቀድሞ የሚፈለገው እሱ ነው።»

የምትነግረው ለገመድ ሠሪው ለሩበን፣ ለሲላስ አባት ነው። ሲላስ በአንዲት ጥንቸል የተነሳ ከአደን ጠባቂ ጋር ተናነቀ፤ ጠባቂው ድንጋይ ላይ ወድቆ በዚያው ቀረ። ፍርድ የሰጡት አሥራ ሁለት ሰዎች ምሳቸው ሳይቀዘቅዝ ተስማሙ።

«ሥራዬ ምንድን ነው አለሽ?» አላት ሩበን።

«ቃል እሰበስባለሁ አለኝ።»

«ምን?»

«ቃል። እኛ የምናወራውን። ትልቅ መጽሐፍ ውስጥ ሊከተው።»

ኪርክሾ አስተዋይ መንደር ነው። ሱፍ ሰብሳቢ ያውቃል፣ ግብር ሰብሳቢም ያውቃል። ሰው ሁሉ በነፃ ከአፉ የሚጥለውን ነገር ሊለቅም ባቡር የሚሳፈር ፍጡር እንደሌለ ለመረዳት ደግሞ ትምህርት አያሻም። ሰቃይ ሙያውን በየመጠጥ ቤቱ እንደማያወራም የታወቀ ነው። ነገሩ በዚሁ ተቋጨ።

ማክሰኞ ሰውየው ገመድ ቤቱ መጣ። ሩበን ቃጫውን ወገቡ ላይ ጠምጥሞ፣ ክሩን በጣቶቹ እየለቀቀ፣ በረጅሙ ዳስ ውስጥ ወደ ኋላ ይሄዳል። ገመድ ሠሪ ዕድሜውን በሙሉ ወደ ኋላ ነው የሚሄደው።

«እንደምን አደሩ። አሁን የሚያደርጉትን ነገር ምን ይሉታል?»

«ትሮው።»

«ምን ማለት ነው?»

ሩበን አየው። «መጠምዘዝ ነዋ፣ ጌታዬ። ሌላ ምን ይሆናል?»

ሰውየው ብጣሽ ወረቀት አውጥቶ ጻፈ። «ለገመድ ብቻ ነው የሚሉት?»

«ለእግርም እንላለን፣ ወለም ሲል። ለዶሮም።»

«ለዶሮ?»

«አንገቷን ሲያዞሩት።»

«አንገት» አለ ሰውየው ቀስ ብሎ። ጻፈው፤ ከሥሩም አሰመረበት። «ለሰው አንገትስ ብለውት ያውቃሉ?»

ክሩ ከሩበን ጣቶች አመለጠ።

«ለሰው ጠባይ ነው የምንለው። እሺ ማለት ለማይወድ ጠማማ። ሚስቴ እኔን ትለኛለች።»

«ግሩም ነው። አያትዎም እንዲሁ ይሉ ነበር? ከሳቸው በፊት የነበሩትስ? እኔ የምፈልገው ሥሩን ነው።» በደጃፉ በኩል ከመንደሩ በላይ ወደቆመው ቁራ ገደል ተመለከተ። «ገመድም እፈልጋለሁ።»

ሩበን ከሰኞ ጀምሮ የጠበቃት ቃል ይህች ናት።

«ምን ያህል ክብደት የሚችል?»

«አንድ ሰው። እኔን የሚያክል ይበሉ።»

ሲላስ ቁመቱም ውፍረቱም እሱን ያክላል።

«ርዝመቱስ?»

«አርባ ክንድ።»

«ለአንድ ሰው?»

«ቢተርፍ አይከፋም። ብቻ እንዳይበጠስ። በእንዲህ ያለ ሥራ ሁለተኛ ሙከራ የለም» ብሎ ፈገግ አለ።

የአርባ ክንዱን ምሥጢር የፈታችው ዲና ናት። «የተረፈውን እየቆራረጠ ለመታሰቢያ ይሸጠዋል። ሁሉም ያደርጉታል። የነፍሰ ገዳይ ገመድ ለጥርስ ሕመም ፍቱን ነው ይባላል።» ቀጥላም ድምጿን ዝቅ አደረገች። «ገመዱ የተበጠሰ እንደሆነ ግን መልሰው አይሰቅሉም፤ የእግዜር ፍርድ ነው ብለው ይተዉታል። አባቴ በዓይኑ ያየውን ነው የነገረኝ።»

ሩበን ይህን ለሚስቱ ለታቢታ ነገራት። ታቢታ ከድንቹ ቀና አላለችም።

«አንተ ሰው፣ ሠላሳ ዓመት ሙሉ ደህና ገመድ ስትሠራ ኖረሃል። አንድ ቀን መጥፎ መሥራት ያቅትሃል?»

አላቃተውም። ደህና ገመድ ክሩ ወደ ቀኝ ይከራል፣ ሲገመድ ደግሞ ወደ ግራ ይዞራል፤ ሁለቱ ሲጣሉ ነው ተያይዘው የሚጸኑት። ሩበን ሁሉንም ወደ አንድ ጎን አዞራቸው። እንዲህ ያለ ገመድ እስኪንጠለጠሉበት ድረስ ገመድ ይመስላል። ሆዱ ውስጥ የሻገተ ቃጫ ከተተ፣ ላዩን ሙጫ ቀብቶ በጨርቅ ወለወለው። በሕይወቱ እንዲህ የሚያምር ገመድ ሠርቶ አያውቅም።

ረቡዕ ሰውየው መጥቶ ዳሰሰው፣ አደነቀው፣ ሳይከራከር ከፈለ። እጁንም ለሰላምታ ዘረጋ። ሩበን ጨበጠው። ያን ማታ ባልና ሚስት ከወር በኋላ ለመጀመሪያ ጊዜ እራት በሉ።

ሐሙስ ጠዋት ዲና ወሬ ይዛ መጣች። «ቁርስ ሳይቀምስ ወጣ። ገመዱን ትከሻው ላይ ጣል አድርጎ፣ እያፏጨ።»

«ወደ ዮርክ ነው» አለ ሩበን።

«ቦርሳውን ትቶ?»

«ለመስቀል ቦርሳ ምን ያደርግለታል? ኋላ ሰው ልኮ ያስወስደዋል።»

እኩለ ቀን ላይ ቄሱ በፈረስ ከተፍ አሉ፤ እስከ ጉልበታቸው ጭቃ ነው። ሳይወርዱ ነበር የተናገሩት።

«ምሕረቱ ተገኘ። ይታሰራል እንጂ አይሰቀልም።»

ታቢታ እዚያው መሬት ላይ ቁጭ አለች። ሩበን የቄሱን ፈረስ ልጓም ይዞ ቆመ። ዲና ውሃ አመጣችላቸው። ቄሱ እስከ ጭላጩ ጠጡና አፋቸውን በእጅጌያቸው ጠረጉ።

«እንግዳዬንስ ደህና ያዛችሁልኝ? ቁራ ገደል ወገብ ላይ የተቀረጸውን የጥንት ጽሕፈት ሐሙስ ጠዋት በገመድ ወርጄ አነባለሁ ብሎ ጽፎልኝ ነበር፤ እኔም ገመዱን ከሩበን በቀር ከማንም እንዳይገዛ ጽፌለታለሁ።»