ወደ ቅምሻው በባቡር

ኪዳን ወልደ ገብርኤል ጅቡቲ የሚሄደው በአውሮፕላን ሳይሆን በባቡር መሆኑ ቆቦ ላይ ሲሰማ፣ ሰው ሁሉ አንድ ነገር አሰበ። ባቡር በየጣቢያው ይቆማል። በየጣቢያው በሚቆም ነገር የተሳፈረ ሰው መውረጃ አያጣም።

ኪዳን ዋጃ አጠገብ ባለ የመንግሥት እርሻ ላይ የሙከራ ወይን ጠጅ ይጠምቅ ነበር። ሙያውን አስመራ ሳለ ከአንድ ጣሊያናዊ ተምሮታል። ትዳር የለውም። ከሥራ ሲመለስ የሚያናግረው ሰው ቢኖር ጎረቤቱ ሻይ ሻጯ ራቢዓ ነበረች፤ እሷም ደንበኛ ከሌላት ነው።

ነገሩ የተጀመረው ጓድ ፈንታው እርሻውን ሊጎበኙ የመጡ ዕለት ነው። ጓድ ፈንታው ከክፍለ ሀገሩ ሹማምንት አንዱ ናቸው፤ ክንዳቸው ላይ የሐዘን ጥቁር ጨርቅ አስረዋል። ኪዳን ወይኑን ከመቅዳቱ በፊት፣ የባላባት ጠጅ አሳላፊ የነበረው አባቱ እንዳስለመደው መዳፉ ላይ ጠብ አድርጎ ቀመሰ። ከእንግዶቹ አንዱ «የባላባት ቤት መሰለው እንዴ?» ብሎ ሳቀ። ጓድ ፈንታው አልሳቁም።

«ሚስት አለህ?» አሉት ሌሎቹ ዞር ሲሉ።

«የለኝም፣ ጓድ።»

«እናት አባት?»

«አልፈዋል።»

«እህት ወንድምስ?»

ኪዳን አንዲት እህት አለችው፤ ለተ ብርሃን ትባላለች። በአፋር በረሃ አቋርጣ ጅቡቲ ከገባች ወዲህ አልተያዩም። ውጭ አገር ዘመድ ያለው ሰው ደግሞ የመውጫ ቪዛ አያገኝም።

«ማንም የለኝም» አለ።

«ጥሩ» አሉ ጓድ ፈንታው። «ጅቡቲ ያለ አንድ ሆቴል ለወይን ቅምሻ ጠርቶኛል። ቅዳሜና እሁድን ነው። ቀማሽ እፈልጋለሁ።»

ኪዳን ወሬውን ለራቢዓ ሲነግራት ብርጭቆ ማጠቧን አቆመች።

«አውሮፕላን እያለላቸው ምን በባቡር አስኬዳቸው?»

«በባቡር ሰው የራሱን ስንቅ ይዞ ይሄዳል አሉኝ።»

«ሹም ስንቅ ቋጥሮ? ወላሂ እኔ እንኳ ለጎብዬ ገበያ ስንቅ አልቋጥርም።» ከዚያ ድምፅዋን ዝቅ አደረገች። «ከአገር የሚወጣ ሰው ዋስ ጥራ ይባላል። አንተን ዋስ ጥራ ያለህ አለ?»

«የለም።»

«እንግዲያ እየፈተኑህ ነው፣ ኪዳኔ። ዓይናቸውን ካንተ ላይ አይነቅሉም።» ብርጭቆዋን እንደገና አነሳች። «እህትህን ካገኘኻት ራቢዓ ሰላም ብላሻለች በላት። አላህ ያገናኛችሁ።»

ራቢዓ እውነቷን ነበር። ከለገሀር ጀምሮ ጓድ ፈንታው ዓይናቸውን አልነቀሉም። ፊት ለፊቱ ተቀምጠው፣ በመስኮት የሚያልፈውን አገር ትተው እሱን ያዩ ነበር።

አዋሽ ላይ ሻጮች መስኮቱን ከበቡት። ጓድ ፈንታው የተቀቀለ እንቁላልና ሙዝ ብቻ ገዙ፤ እንቁላሉንም ራሳቸው ላጡት። ኪዳን ስለ ጥቁሩ ጨርቅ ጠየቀ።

«ወዳጄ ነበር» አሉ። «ደሴ ላይ እራት አብረን በላን፤ ጠዋት አልተነሳም። ልብ ነው አሉ።»

«ነፍስ ይማር።»

«ይማር።»

ድሬዳዋ ሲደርሱ የጣቢያው ምግብ ቤት ምሳ አቀረበላቸው። ጓድ ፈንታው የራሳቸውን ሳህን ወደ ኪዳን ገፉት። «መጀመሪያ አንተ ቅመስልኝ፤ አፍህ የሠለጠነ ነው።»

ኪዳን ጎረሰ። ለተ ብርሃን ከሄደች ወዲህ ሳህን ወደ እሱ የገፋለት ሰው አልነበረም። ጓድ ፈንታው ምግቡ እስኪቀዘቅዝ ሲያወጉት ቆዩ፤ ከዚያ «ደህና ነህ?» አሉት። ይህንንም የሚጠይቀው አልነበረም። ደህና መሆኑን ነገራቸው። ጥሏቸው ሊጠፋ ማሰቡ ለመጀመሪያ ጊዜ አሳፈረው።

ኀፍረቱ ግን ደወሌ ድረስ አልዘለቀም። ድንበሩ ላይ ባቡሩ ሲቆም ኪዳን ወደ መጸዳጃ ቤት ሄደ፤ ጓድ ፈንታው ተከትለውት በሩ ላይ ቆሙ።

«ቆየህ» አሉት ሲወጣ። «ሆድህን ነው?»

«አይ፣ ጓድ። ወረፋ ነበር።»

ፊቱን መረመሩት፤ ከዚያ አስቀድመውት ወደ ፉርጎው ተመለሱ። ኪዳን የጠረጠሩኝ አሁን ነው ብሎ አሰበ።

ጅቡቲ ሙቀቷ እንደ ምድጃ ነበር። ኪዳን የሆቴሉን ዘበኛ በቆቦ ገበያ በለመዳት ጥቂት አፋርኛ አናገረው። ዘበኛው ለተ ብርሃን የምትባል ሐበሻ ልብስ ሰፊ ያውቃል፤ ከገበያው ጀርባ፣ ሰማያዊ በር ያለው ቤት ነው አለው። መንገዱን መሻገር ብቻ ነበር የቀረው። ኪዳን ጊዜውን መረጠ፤ ቅምሻው ሲጀመር የጓድ ፈንታው ዓይን ወደ ጋባዦቹ ይዞራል። ያኔ ይወጣል።

ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ አዳራሹ ሞላ። አስተናጋጁ ለሁለቱም እኩል ቀዳ። ጓድ ፈንታው ብርጭቋቸውን አልነኩም። ኪዳን የራሱን በብርሃን አየ፣ አሸተተ፣ አንድ ጊዜ ተጎንጭቶ በምላሱ ላይ አንከባለለው። ጥሩ ወይን ነበር። ከዚያ ቀማሽ ሁሉ እንደሚያደርገው፣ ሊተፋ ወደ ባልዲው ጎንበስ አለ። በሩ ክፍት ነው፤ የሚያየው የለም።

ትከሻውን አንድ እጅ ያዘው።

«አትትፋው፤ ዋጠው» አሉ ጓድ ፈንታው ሰዓታቸውን እያዩ። «እኔ ቆይቼ እጠጣለሁ።»